ከኳላ ላምፑር እስከ ሲንጋፖር፦ የአንድ ሰዓት በረራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ባለፈው የዕረፍት ወቅት ከማኅበራችን አባላት አንዱ በሲንጋፖር ለሚደረግ የተማሪዎች ጉባዔ ተጠርቶ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ቲኬቱን ለሁለት ከፍሎ ገዛ፤ ይኸውም አንዱን እስከ ማሌዢያዋ ከተማ እስከ ኳላ ላምፑር፣ ሌላውን ደግሞ ከዚያ እስከ ሲንጋፖር። ከመግዛቱ በፊት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ፣ «በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም ካርታ ዘርግተን፣ በማስመሪያ ለክተን፣ «ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም» ብለን አሰናበትነው። እርሱም በመልሳችን ተማምኖ፣ መንገዱ አጭር ከሆነ ጣጣውም አጭር ነው በማለት፣ በሁለቱ በረራዎች መካከል የሁለት ሰዓት ክፍተት ብቻ ተወ። ሁለተኛው አይሮፕላን ጥሎት ሄደ። ቲኬቱ ተቃጠለ፤ ሌላ ለመግዛት የከፈለውም ቆጠብኩ ካለው ገንዘብ በለጠ፤ የጉባዔው መክፈቻም አመለጠው።

የሰጠነው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን እርሱ ማወቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ከተሞች ርቀትና የበረራውን ጊዜ በዝርዝር ለማስረዳት የተነሣነው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። «ከከተማ እስከ ከተማ» ሲባል ከየት እስከ የት እንደሆነ ካልተለየ ቁጥሩ ብዙ አይረዳም። ከኳላ ላምፑር መሐል እስከ ሲንጋፖር መሐል በቀጥታ መስመር ቢለካ 316 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላኑ ግን ከከተማው መሐል አይነሣም። ሴፓንግ ከሚባለው ስፍራ ካለው የኳላ ላምፑር ዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲንጋፖሩ ቻንጊ ያለው ርቀት 297 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ለግምት እንዲረዳ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለው የአየር ርቀት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በአየር ከሆነ ሁለቱ መንገዶች እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ በምድር ነው። የጎጃም መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን ይወጣል፤ በማስመሪያ የተለካው ርቀት ለአውቶቡሱ ተሳፋሪ ምንም አይፈይድለትም። የማላያ ባሕረ ገብ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ ግን አብዛኛው ዝቅተኛና ለጥ ያለ አገር ስለሆነ፣ የመኪናው መንገድ ከቀጥታው መስመር የሚበልጠው በ35 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። ምድር ሉል በመሆኗ፣ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው መስመር ሁልጊዜ አጭሩ መንገድ አይደለም። ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄድ አይሮፕላን በካርታው ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ የሚታየው ለዚህ ነው። ኳላ ላምፑርና ሲንጋፖር ግን ከምድር ወገብ አጠገብ ያሉ፣ እርስ በርሳቸውም የተቀራረቡ ከተሞች በመሆናቸው ልዩነቱ የሚቆጠር አይደለም። በዚህ በኩል ማስመሪያችን አላሳፈረችንም።

ርቀቱ ራሱ በየጊዜው መለዋወጡን ብዙ ሰው አያስተውልም። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ማረፊያዎቻቸው ግን ተነቃንቀዋል። የኳላ ላምፑር ዋና ማረፊያ ከ1965 እስከ 1998 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ሱባንግ ላይ ነበር፤ ከመሐል ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የሲንጋፖሩም ከ1955 ጀምሮ ፓያ ለባር ላይ ነበር፤ በሐምሌ 1981 ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ቻንጊ ተዛወረ። ከሱባንግ እስከ ቻንጊ 335 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በ1998 የኳላ ላምፑሩ ማረፊያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሴፓንግ ሲዛወር፣ የአይሮፕላኑ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ አጠረ። የመንገደኛው መንገድ ግን ረዘመ፤ ምክንያቱም ከሴፓንግ እስከ ኳላ ላምፑር መሐል በመንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። አየሩ የቀነሰውን ምድሩ ጨመረው ማለት ነው። ለሥፍራው የተሠራው ፈጣን ባቡር ይህን መንገድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ በመኪና የሚሄድ ግን እንደ መንገዱ መጨናነቅ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንሂድ። የመንገደኞች ጀት ከፍታው ላይ ደርሶ ሲረጋ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይበራል። 297ን ለ800 ብናካፍል 22 ደቂቃ ይወጣል። ታዲያ ቲኬቱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጻፈው ስለ ምን ነው?

አንደኛው ምክንያት አይሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ከመሬት ተነሥቶ ሲወጣ ቀስ ይላል፤ ሊያርፍም ሲወርድ እንዲሁ። በአብዛኛው ዓለም ከ3,000 ሜትር ከፍታ በታች በሰዓት ከ460 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር የተከለከለ ነው። በረጅም በረራ ላይ ይህ የመውጫና የመውረጃ ጊዜ ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ነው። በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በረራ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይወስዳል። አስተናጋጆቹ ውኃ አድለው ሳይጨርሱ አይሮፕላኑ ወደ ታች ማዘንበል ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት የነፋሱና የማኮብኮቢያው አቅጣጫ ነው። አይሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። የቻንጊ ማኮብኮቢያዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የተዘረጉ ናቸው። ከኳላ ላምፑር የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ ፊቱን አዙሮ የሚያርፍበት ቀን መንገዱ ይቀናል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ወቅት ግን ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰሜን ፊቱን አዙሮ ለማረፍ ደሴቲቱን ዞሮ ከደቡብ መምጣት ግድ ይሆንበታል። በዚህም ላይ የተራ ጥበቃው አለ። ከኋላም ከፊትም ሌሎች አይሮፕላኖች ስላሉ፣ ተቆጣጣሪው በአየር ላይ እንዲዞር ቢያዝዘው ከመዞር በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ አይሮፕላኑ በእርግጥ አየር ላይ የሚቆየው 22 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ምክንያት ደግሞ በቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የበረራ ሰዓት ብቻ አለመሆኑ ነው። የሚቆጠረው አይሮፕላኑ ከቆመበት በር ፍሬኑን ለቆ ከተነቃነቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ በደረሰበት ከተማ በር ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው በጎማ እየሄደ የሚያጠፋው፣ ተራ ሲጠብቅ የሚያጠፋው፣ ካረፈም በኋላ እስከ በሩ የሚጓዝበት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። አየር መንገዶችም ዘገዩ እንዳይባሉ ጥቂት ደቂቃ መጠባበቂያ ይጨምሩበታል። አንድ ሰዓት ከአምስት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ እየተባለ የሚጻፈው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ተጓዡ «ቀድመን ደረስን» ብሎ የሚደሰተውም ብዙ ጊዜ ይኸው መጠባበቂያ ሳይነካ ቀርቶ ነው።

ስለ ነፋስ ካነሣን፣ በረጅም መንገድ ላይ መሄጃውና መመለሻው የሚለያዩት ከፍ ባለው ሰማይ ላይ ብርቱ ነፋስ ስላለ ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ያ ነፋስ ደካማ በመሆኑ፣ ከኳላ ላምፑር ወደ ሲንጋፖርም ሆነ ከሲንጋፖር ወደ ኳላ ላምፑር ሰዓቱ እጅግም አይለያይም። በዚያ አገር የሚያስቸግረው ነጎድጓድ ነው። በተለይ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ባሉት ወሮች ከሱማትራ ደሴት በኩል ተሰልፎ የሚመጣ ማዕበል አለ፤ የአገሩ ሰዎች የሱማትራ ማዕበል ይሉታል። ከሌሊቱ መጨረሻ እስከ ረፋዱ ድረስ ይወርዳል፤ ዝናቡም ነፋሱም ብርቱ ነው። በእንዲህ ያለ ጠዋት ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት አይያዝም።

ስለ ሰዓት አቆጣጠርም ትንሽ እንበል። ኳላ ላምፑርና ሲንጋፖር አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት፤ ስለዚህ የመነሻውን ከመድረሻው ቢቀንሱ እውነተኛው ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ባንኮክ ከሲንጋፖር በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከባንኮክ እስከ ሲንጋፖር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊዜው ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው እንበል። ከባንኮክ በአገሩ ሰዓት በ10 ሰዓት የተነሣ ሰው ሲንጋፖር 13፡25 ላይ ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ይመስላል። ሲመለስ ደግሞ በ10 ሰዓት ተነሥቶ 11፡25 ላይ ይደርሳል። የማያውቅ ሰው አይሮፕላኑ ሲመለስ የበረታ ይመስለዋል።

ኳላ ላምፑርና ሲንጋፖር እስከ 1981 መጨረሻ ድረስ ከግሪንዊች በሰባት ሰዓት ተኩል ይቀድሙ ነበር። ማሌዢያ የምሥራቁን ክፍሏን የሳባህንና የሳራዋክን ሰዓት ከምዕራቡ ጋር አንድ ለማድረግ ስትል ግማሽ ሰዓት ጨመረች፤ ሲንጋፖርም ከጎረቤቷ ላለመለየት በጥር 1982 ተከተለቻት። ውጤቱ በፀሐይ ላይ ይታያል። በሲንጋፖር ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ግድም ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ለእኛ ዓይነቱ ሰው የፀሐይዋ መዘግየት ትንሽ ግር ያሰኘዋል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑንም አዲስ ለሚመጡ አባሎቻችን ማስታወስ አይከፋም፤ በዚህ የተነሣ አይሮፕላን ያመለጠው ወገን ጥቂት አይደለም።

የዚህን መንገድ ታሪክ ብናይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል የመንገደኛ በረራ የጀመረው በሰኔ 1937 ነው። ዌርንስ የሚባል ኩባንያ ድራገን ራፒድ በተባለች ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ከሲንጋፖር ወደ ኳላ ላምፑርና ወደ ፔናንግ ይመላለስ ነበር። ያች አይሮፕላን የምትይዘው ስምንት ያህል ሰው ሲሆን፣ በሰዓት የምትሄደው ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። በስሌት ስናየው በረራው አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል። ነገር ግን በዚያው በሰኔ ወር የተከፈተው የሲንጋፖሩ የካላንግ ማረፊያ በከተማው ጫፍ ላይ ነበር፤ መንገደኛው ከቤቱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ይሳፈር ነበር። እንግዲህ የዛሬው ጀት በአራት እጥፍ ቢፈጥንም፣ ከበር እስከ በር ቢቆጠር ያተረፈው ጊዜ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። አየር ላይ የተገኘችውን ትርፍ የማረፊያው ርቀት፣ የፍተሻው ሰልፍና የኬላው ማኅተም ወስደዋታል።

ኬላው ደግሞ በመጀመሪያ አልነበረም። ሲንጋፖር በመስከረም 1963 ከማሌዢያ ጋር ተዋሐደች፤ በነሐሴ 1965 ተለየች። በረራው ከአንድ አገር ከተማ ወደ ሌላ አገር ከተማ የሚደረግ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። አየር መንገዱ ግን ከመንግሥታቱ ዘግይቶ ተለያየ። ከ1947 ጀምሮ የነበረው የማላያ አየር መንገድ ከስም ለውጦች በኋላ የማሌዢያና የሲንጋፖር አየር መንገድ ተብሎ እስከ 1972 አብሮ ቆየ፤ በዚያ ዓመት ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ የምናውቃቸው የሁለቱ አገሮች አየር መንገዶች ተወለዱ። ሁለቱም መንገዱን በዋናነት ለራሳቸው ይዘው ስለነበር የቲኬቱ ዋጋ ከርቀቱ ጋር የማይመጣጠን ነበር። በ2008 መንገዱ ለርካሽ አየር መንገዶች ሲከፈት ዋጋው በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ተጓዡም በዛ። በ2018 በዓለም ላይ ከአገር ወደ አገር ከሚደረጉ በረራዎች ሁሉ የሚበዙት በዚህ መንገድ ላይ ነበሩ፤ በዓመት ከ30 ሺህ በላይ፣ በቀን ከ80 በላይ ማለት ነው።

በምድር ስለሚሄደው ሰው በአጭሩ እንናገር። አውቶቡሱ የኬላውን ወረፋ ሳይጨምር ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሲንጋፖር ደሴት በመሆኗ ከጆሆር ባህሩ የምትገናኘው በ1924 በተመረቀው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ድልድይ መሰል ግድብ ነው፤ በ1998 ደግሞ በምዕራብ በኩል ሁለተኛ ድልድይ ተከፈተ። በግድቡ ላይ በሚጨናነቅበት ቀን ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይሻገራል። ብዙዎቹ ሲንጋፖር ሠርተው ማሌዢያ የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው። ለእነርሱ ያቺ አንድ ኪሎ ሜትር ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ልትሆን ትችላለች፤ ከኳላ ላምፑር በአየር ከሚመጣው ሰው የበለጠ ጊዜያቸውን መንገድ ላይ ያጠፋሉ።

ባቡሩም ነበር። ሐዲዱ እንደ ድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነው። እስከ ሰኔ 2011 ድረስ ግድቡን ተሻግሮ እስከ ሲንጋፖር መሐል፣ ታንጆንግ ፓጋር ድረስ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መጨረሻው ድንበሩ አጠገብ ሆነ። ሁለቱን ከተሞች በ90 ደቂቃ ያገናኛል የተባለ ፈጣን ባቡር ለመሥራት በ2016 ውል ተፈርሞ፣ በ2020 መጨረሻ ፈረሰ፤ ማሌዢያም ከመቶ ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር በላይ ካሣ ከፈለች። ያ ባቡር ቢሠራ ኖሮ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ መሐል ከተማ ስለሚደርስ፣ አይሮፕላኑን ይበልጠው ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ወደ አባላችን ጉዳይ እንመለስ። ከበር እስከ በር ያለውን ጊዜ ብንቆጥር፦ ከኳላ ላምፑር መሐል እስከ ሴፓንግ አንድ ሰዓት፤ ሻንጣ ማስረከብ፣ ፍተሻና ኬላ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፤ አይሮፕላኑ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ቻንጊ ላይ ኬላና ሻንጣ አርባ ደቂቃ፤ ወደ ከተማ ሌላ አርባ ደቂቃ። ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ የሚያልፈው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከአውቶቡሱም ቢሆን የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ እንዲያውም በሁለት ከተሞች መሐል ለሚኖር ሰው አንዳንድ ቀን እኩል ይወጣል።

አባላችን ከከተማ አልተነሣም፤ ከሌላ አይሮፕላን ወርዶ ነው። ነገር ግን ቲኬቶቹ የተለያዩ ስለነበሩ የመጀመሪያው አየር መንገድ ሻንጣውን ወደ ሲንጋፖር የሚያስተላልፍለት አልነበረም። ስለዚህ ኬላ አልፎ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ እንደገና ማስረከብ ነበረበት። በዚህም ላይ ሴፓንግ ያሉት የመንገደኞች ሕንፃዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛው በ2014 የተከፈተ ነው፤ ርካሾቹ አየር መንገዶች በብዛት የሚነሡትም ከእርሱ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ሻንጣ የያዘና መንገዱን የማያውቅ ሰው በዚያ ፍጥነት አይደርስም። አባላችን የመጀመሪያው በረራው ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ አረፈ፤ በኬላው አርባ አምስት ደቂቃ ተሰለፈ፤ ሻንጣውን ሌላ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከሁለት ሰዓቱ የቀረችው ግማሽ ሰዓት ነበረች። ሻንጣ መቀበያው ደግሞ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ የሚዘጋው ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት ነው። ወደ ሁለተኛው ሕንፃ ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስብ አባል ካለ፣ ከተቻለ እስከ መጨረሻው ከተማ ድረስ አንድ ቲኬት ይግዛ፤ ሻንጣው በቀጥታ ይተላለፍለታል፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለሁለት ከፍሎ መግዛት ግድ ከሆነበት ግን ቢያንስ የአምስት ሰዓት ክፍተት ይተው፤ ወደ ማሌዢያ ለመግባት ቪዛ የሚጠየቅ መሆን አለመሆኑንም ከመግዛቱ በፊት ከኤምባሲው ይጠይቅ፤ ቪዛ የሌለው ሰው ሻንጣውን ለመቀበል ኬላውን ማለፍ አይችልምና። የመጀመሪያው በረራ ማታ የሚያርፍ ከሆነ የማደሪያውንም ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባው። ማስመሪያዋና ካርታዋ በጽሕፈት ቤታችን እንዳሉ ናቸው፤ ከእንግዲህ ግን ለሚጠይቀን ሁሉ ከርቀቱ በፊት የምንጠይቀው ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ነው።